ጣት ቆጠራው ይብቃን

በኮምፒውተር የተቀነባበረን ቪዲዮ ከእውነተኛው በምን እንለያለን? ዛሬ ሁሉም ሰው ለዚህ ጥያቄ ያው አንድ መልስ አለው። ጣቶቹን ቁጠሩ። ዓይኑ መርገብገቡን እዩ። ከንፈሩ ከድምፁ ጋር መግጠሙን አስተውሉ። የግራው ጆሮ ጌጥ የቀኙን መምሰሉን ተመልከቱ። ሬዲዮው ይህን ይላል፤ ቲክቶኩም ይህን ይላል፤ ሆሳዕና ለወጣቶች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ በፕሮጀክተር የሚወጣው ጽሑፍም ይህንኑ ይላል። ባለስድስት ጣቱ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ሲታይ አዳራሹ ይስቃል፤ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ የውሎ አበል። ሠልጣኙም ከእንግዲህ ማንም እንደማይሸውደው እርግጠኛ ሆኖ ወደ ከተማው ወደ ጊምቢቹ የሚመልሰውን መኪና ይሳፈራል።

ምክሩ ከንቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ከንቱ ምክር ብዙ ነው፤ ሁሉንም ማን ተከራክሮ ይዘልቀዋል። ይህኛው ግን ይጎዳል። ሰው የማያውቀውን የሚያውቅ እንዲመስለው ያደርጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሐሰቱን አሳልፎ እውነቱን ይጥላል።

ከምክሩ ዕድሜ ልጀምር። በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሲዌይ ልዩ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ነገር አስተዋሉ። የዚያን ጊዜ የተቀነባበሩ ፊቶች ዓይናቸውን አያርገበግቡም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ የሚማረው ከፎቶ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የወጣበትን ፎቶ ደግሞ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ጥናቱ ወጣ፣ ዜናውም ዓለምን አዳረሰ። ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆዩ ዓይናቸውን የሚያርገበግቡ ፊቶች ተሠሩ። ምልክቱን ለሕዝብ መንገር ለአቀነባባሪውም መንገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ጊዜም ገንዘብም አለው። ስድስተኛው ጣትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች አምስት ጣት ያለው እጅ መሥራት ከቻሉ ቆይተዋል። የሥልጠናው ስላይድ ግን አልተቀየረም፤ አሠልጣኙ ራሱ ከሌላ ሥልጠና ያመጣው ነዋ።

ማሽን ይለይልናል የሚሉም አሉ። ፌስቡክ ይህን ለመፈተሽ ትልቅ ውድድር አዘጋጅቶ በ2012 ሰኔ ላይ ውጤቱን ነገረን። ከ2,000 በላይ ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛ የወጣው ፕሮግራም ከዚያ በፊት ዓይቷቸው በማያውቅ ቪዲዮዎች ላይ ሲፈተን በትክክል የለየው 65 በመቶ ያህሉን ነው። ከሦስት አንዱን የሚስት ማለት ነው፤ ያውም ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተገነባ፣ ከዓለም አንደኛ የወጣ። ሰውስ? በ2014 ዓ.ም. የወጣ የኒልስ ኮቢስና የባልደረቦቹ ጥናት ተሳታፊዎቹ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም እንደማይሻሉ አሳይቷል። የሚገርመው እሱ አይደለም። የሚገርመው እነዚሁ ሰዎች ጥሩ አድርገን ለየን ብለው ማመናቸው ነው። እንግዲህ የሥልጠናችን ትርፍ ይህ ከሆነ፣ አለማወቃችን እንዳለ ሆኖ ድፍረት ተጨመረበት ማለት ነው።

አሁን ከላቦራቶሪው ወጥተን ጊምቢቹ እንግባ። በሀዲያ የሶሮ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ወደዚህች ከተማ ቪዲዮ እንዴት እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ጣት ቁጠሩ ብሎ አይመክርም። ቪዲዮው መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። አንዱ ዩቲዩበር አውርዶ፣ ጫፍና ጫፉን ቆርጦ፣ የራሱን ሎጎ ይለጥፍበታል። ከዚያ ቴሌግራም ግሩፕ ይገባል። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ያለ ልጅ አይቶት ለታናሽ ወንድሙ በኢሞ ይልከዋል። ወንድሙ ዳታ የለኝም ለሚል ጓደኛው በሼርኢት ያሻግርለታል። ከሼርኢቱ በፊት ባሉት መሻገሪያዎች ቪዲዮው ይጨመቃል፤ በየመሻገሪያው ጥራቱ ይወርዳል። የተሠራበትን ቀንና መሣሪያ የሚመሰክረው፣ ከፋይሉ ጋር ተደብቆ የሚሄደው መረጃም አብዛኛውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ጭነት ላይ ይራገፋል። ኩባንያዎች በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ነው ለማለት ጥግ ላይ የሚያትሙት ምልክት ቢኖርም ጥጉ ራሱ ተቆርጦ ቀርቷል።

ስልክ ከሚጠግን ወዳጄ ሱቅ ቁጭ ብዬ እንዲህ ተንከራቶ የመጣ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ለጥገና የመጣው ስልክ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ተናጋሪው ሰውዬ አፍንጫውና አፉ አንድ ላይ ቀልጠዋል፤ እጁ ከክርኑ በታች ግራጫ ጭጋግ ሆኗል። ወዳጄ ገና ሦስት ሰከንድ ሳያይ «ይሄ ኤአይ ነው» ብሎ ፈረደ።

«በምን አወቅክ?»

«አፉ ከድምፁ ጋር አይገጥምማ! እጁንም እየው፣ ጣት የለውም።»

ደንቡን በደንብ ተምሯል፣ አሳምሮ ሠራበትም። ችግሩ ቪዲዮው እውነተኛ መሆኑ ነው። ስለ መንገድ ጥገና የተደረገ ስብሰባ ነበር፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አረንጓዴውን የአዳራሽ መጋረጃ ሳይቀር አወቅሁት። አፉን ከድምፁ ያጣላው ጭመቃው ነው። ጣቱን የበላው ኔትወርኩ ነው። የተማርናቸው ምልክቶች በሙሉ በንጹሕ ስክሪንና በፈጣን ኢንተርኔት ላይ ለተቀመጠ ሰው የተጻፉ ናቸው። ጊምቢቹ ላይ እነዚያው ምልክቶች እውነተኛውን ሁሉ ሐሰተኛ ያስመስላሉ፤ ተጠንቅቆ የተሠራው ሐሰት ደግሞ በጥሩ ጥራት መጥቶ ፈተናውን ያልፋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የቴክኒክ ነገር ነው፤ ነገ የተሻለ ማሽን መጣ ብለው ሊመልሱልኝ ይችላሉ። ዋናው ጠቤ ከዚያ ይጠልቃል። ምርጥ ዓይን ቢኖረንም፣ የማይሳሳት ማሽን በየኪሳችን ቢገባም፣ የምንጠይቀው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። «ይህ ምስል በማሽን ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም?» የሚለው ጥያቄ ስለሚያስፈልገን ነገር ምንም አይነግረንም።

በዚህ አገር ከሁሉ የከበደ ሥራ የሠራውን ፊልም እንውሰድ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በ1966 መጀመሪያ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ወሰደና የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝና ለውሾች የሚቀርብ ሥጋ በመሃል በመሃሉ እየሰካ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። እስቲ የዚያን ፊልም ጣት ቁጠሩ። የተራበው ሕፃን እውነተኛ ነው። ግብዣው እውነተኛ ነው። ውሻውም እውነተኛ ነው። ሥራውን የሠራው መቀሱ ነው፤ ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ሦስተኛ ነገር አወጣ። ረሃቡ ሐሰት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ያለቀው ሕዝብ አልቋል፣ የተደበቀውም ተደብቋል። ነገር ግን ያን ምሽት «ማን ነው ይህን የገጣጠመው? ለምን ዛሬ ማታ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚመጣ ይገባው ነበር። ምስሉን በአጉሊ መነጽር የመረመረ ግን ምንም አያገኝም ነበር።

የዘመናችንም ነገር ከዚህ ብዙ አልራቀም። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ስልካችንን ካጥለቀለቁት ሐሰተኛ ቪዲዮዎች ውስጥ ስንቱ ነው በኤአይ የተሠራ? አብዛኛው የሌላ አገር ወይም የሌላ ዓመት እውነተኛ ቪዲዮ ሆኖ አዲስ ጽሑፍ የተለጠፈበት ነበር። ከኮምፒውተር ጌም የተቀዳ ምስል እንኳ የጦር ግንባር ቪዲዮ ተብሎ በመላው ዓለም ይዞራል። አርማ 3 የተባለውን የጦርነት ጌም የሚሠራው ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ በ2015 ኅዳር ላይ መግለጫ አውጥቶ ከጌማችን የተቀዳ ምስል የዩክሬን፣ የሶርያ፣ የአፍጋኒስታን ጦርነት ተብሎ እየተሰራጨ ነው ሲል አቤት ብሏል። የጌም አውሮፕላን ደግሞ ጣት የለውም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው በር ላይ የተገደሉት ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። ፎቶው የራሳቸው ነበር። በማሽን የተነካ አንድም ነገር አልነበረበትም። የምስል ምርመራ ባለሙያ ቢጠየቅ «ትክክለኛ ፎቶ ነው» ብሎ ይመሰክር ነበር፤ ሐሰቱ የነበረው ከሥሩ የተጻፈው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን ልዙር፤ ለእኔ የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው። ሐሰትን ማመን አንድ ጉዳት ነው። እውነትን ሐሰት ነው ብሎ መጣል ግን ለበደለኛ የተሰጠ ስጦታ ነው። ሕዝቡ «ቪዲዮ ሁሉ ይቀነባበራል» የሚለውን ከተማረ በኋላ የተያዘ ሌባ፣ የተቀረጸ ባለሥልጣን፣ የገደለ ወታደር ሁሉ ያው አንድ መልስ አገኙ፦ «ተቀነባብሮብኝ ነው»።

በ2013 ዓ.ም. የወታደር ልብስ የለበሱና አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች ትጥቅ የሌላቸውን ወንዶች ገደል አፋፍ ላይ ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ የዞረ፣ የተቆራረጠ፣ ጥራቱ የወረደ ነበር። ውሸት ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ መንግሥትም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም አለ። ቢቢሲ አፍሪካ አይና ቤሊንግካት የተባለው የምርመራ ቡድን ያደረጉትን ተመልከቱ። የሰዎቹን ዓይን መርገብገብ አይደለም ያዩት። ከኋላ የሚታየውን የተራራ ጫፍ መስመር ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፤ የጥላውን አቅጣጫ አዩ፤ ለአካባቢው ነዋሪ ስልክ ደወሉ። ቦታው ትግራይ ውስጥ፣ ማኅበረ ዴጎ አቅራቢያ ሆኖ ተገኘ። ያን ብዥ ያለ ቪዲዮ በጣት ቆጠራ ደንብ ብንዳኘው ኖሮ ወድቆ ይቀር ነበር፤ ከእሱም ጋር የሞቱት ሰዎች።

የጋቦን ነገር ደግሞ የባሰ ትምህርት ነው። የያኔው ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ ታመው ለወራት ከሕዝብ ዓይን ጠፉ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በእኛ 2011 ታኅሣሥ መሆኑ ነው፣ በቪዲዮ ታይተው መልካም ምኞታቸውን ገለጹ። ፊታቸው ደረቅ ነበር፤ ዓይናቸው እንደ ሰው አይርገበገብም ነበር። ተቀናቃኞቻቸው ይህ የተቀነባበረ ነው አሉ። እኛ የገናን ዶሮ በምንበላበት በታኅሣሥ 29 ቀን ወታደሮች የሬዲዮ ጣቢያ ይዘው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ቪዲዮውን በኋላ የመረመሩት ባለሙያዎች የመቀነባበር ማስረጃ አላገኙበትም፤ ሰውየው ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ዓይኑ ያልተርገበገበ ሰው ሁሉ የማሽን ሥራ ነው የሚለው ደንብ የታመመን ሰው ሐሰተኛ አደረገው።

ይህ ነገር የጋቦኗ ሊብረቪል ድረስ የሄደ ተረት እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ሀዲያና ከምባታ ልመልሰው። ከሆሳዕና፣ ከጊምቢቹ፣ ከዱራሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን መንገድ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በኮንቴይነር ታፍነው 64 ኢትዮጵያውያን ሞቱ። በጥቅምት 2015 ማላዊ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ወሬው እዚህ የደረሰው በመንግሥት ደብዳቤ አልነበረም፤ በስልክ፣ በፎቶ፣ በቪዲዮ ነበር። በሌላኛው፣ በሊቢያው መንገድ፣ በ2017 ዓ.ም. ኩፍራ ላይ እጅና እግሯ ታስሮ የምትታይ ኢትዮጵያዊት ወጣት ቪዲዮ ለቤተሰቧ ተላከ፤ ገንዘብ ካልላካችሁ የሚል ነበር። በደቡቡ መንገድም ደላላ ሰው ይዞ ማስከፈሉ ለማንም አዲስ አይደለም።

እንግዲህ አንዲት እናት ጊምቢቹ ላይ ልጇ ታስሮ የሚታይበት የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ደረሳት እንበል። የልጇን ጣት እንድትቆጥር ነው የምንመክራት? «እናቴ፣ ይሄ ኤአይ ሊሆን ይችላል፣ ዓይኑን እይው» ነው የምንላት? የተደበደበ ልጅ ዓይኑ ያበጠ ነው፤ ከንፈሩ አይገጥምም፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። እውነተኛው ስቃይ የሐሰትን ምልክት ሁሉ ያሟላል። ደላላው ደግሞ የልጁን የፌስቡክ ፎቶ ወስዶ ቪዲዮውን በማሽን ሊሠራው ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ምስሉ በራሱ ምንም አይፈርድም። የሚፈርደው ከምስሉ ውጭ ያለው ነው። ልጁ መጨረሻ የደወለው መቼና ከየት ነው? አብሮት የወጣው የእነ እገሌ ልጅ የት ደረሰ? ገንዘቡ የሚጠየቀው በማን ስም፣ በየትኛው ቁጥር ነው? በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነገር እንዲመልስ ብትጠይቅ ምን ይላል?

ይህን መጠየቅ ከፈረንጅ ሥልጠና የምንማረው አይደለም፤ ለመርዶ የምናደርገው ነው። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሰማው ጎረቤት እየሮጠ ሄዶ ለእናቱ አይናገርም። ወሬው ከማን እንደመጣ ይጠየቃል። አስከሬኑን ያየ ማን ነው ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ከሆነ እዚያ ላለ ያገር ልጅ ይደወላል፤ አንዱ ከነገረ ሌላ ይፈለጋል፣ ሁለቱ ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የዕድሩ ሰዎች ይመክራሉ፤ ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚሄዱ ይወስናሉ፤ ከዚያ ገና ሳይነጋ ቤቱ ይንኳኳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም «ወሬው ውሸት ነው» አላለም፣ «እውነት ነው»ም አላለም። መርዶ ያልተጣራበት ሰው በሕይወትም በሞትም አልተፈረደበትም፤ ይጠበቃል። በቪዲዮው ዘመን የጠፋብን ይህ መሃለኛ ቦታ ነው። ሥልጠናው ሁለት ሳጥን ሰጥቶናል፣ ሐሰትና እውነት፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ አንዱ ላይ ምልክት እንድናደርግ ይጠይቀናል። ለምን? ማን አስቸኮለን?

መርዶን የማወድሰው ጉድለቱን ሳላውቅ አይደለም። ሞቱን ለወራት የሚደብቅ ቤተሰብ አለ፤ ልጇ ሞቶ ገንዘብ ይልክልኛል ብላ የምትጠብቅ እናት አለች። መደበቅ ማጣራት አይደለም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ በቡና ላይ ከወጣቱ የባሰ ወሬ ሲያናፍሱ ይውላሉ፤ እነዚያው ሰዎች ግን መርዶ ሲሆን ይጠነቀቃሉ። ለምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል፤ መርዶ ከተሳሳተ በስም የሚጠየቅ ሰው አለ። በሕይወት ላለ ሰው ያስለቀሰ መንደሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ቴሌግራም ላይ ግን «እንደደረሰኝ» ብሎ የሚልክ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ መልስ አለ፣ ሳላነሣው ብቀር አግባብ አይደለም። «ደውሎ ማጣራት» ስትል ድምፅም እኮ ይቀነባበራል ይሉኛል። እውነት ነው፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ እንኳ ሊቀነባበር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ የፋይናንስ ኃላፊውንና ሌሎች ባልደረቦቹን በቪዲዮ ስብሰባ አየሁ ብሎ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር አስተላለፈ፤ ከእሱ በቀር በስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ የማሽን ሥራ ነበሩ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አያችሁ፣ መለየት እንማር» ለማለት ነው። እኔ የምለውን የሚያረጋግጠው ግን እሱው ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ የደረሰው መልእክት ስለ ምስጢራዊ ክፍያ የሚያወራ ስለነበር ጠርጥሮ ነበር። ጥርጣሬውን ያጠፋበት ዓይኑ ነው። አየሁ፣ ስለዚህ እውነት ነው አለ። የገባው እነሱ ወደጠሩት ስብሰባ ነበር፤ ስልኩን አንሥቶ በሚያውቀው ቁጥር ለአለቃው ደውሎ ቢሆን ነገሩ እዚያው ባለቀ። አጭበርባሪው ወደ አንተ የሚመጣውን መንገድ ይዟል፤ ከአንተ የሚወጣውን ግን አልያዘም። እናትየዋም ደላላው በደወለበት ሳይሆን ራሷ በምታውቀው ቁጥር ስትደውል ነው የምታጣራው።

«ለእናትና ለልጅ ይሁን፣ ስለ ባለሥልጣንና ስለ ጦርነት ለሚወጣ ቪዲዮ ለማን እንደውላለን?» ይህም ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2013 ምርጫ ዋዜማ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው የተባለ ድምፅ ሲወጣ ጽሕፈት ቤታቸው ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው አለ፤ ያወጣው ሚዲያ እውነተኛ ነው አለ። ጊምቢቹ ያለ ሰው በጆሮው ምን ሊፈርድ ይችላል? ምንም። ለመፍረድም አይገደድም። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉት አጣሪዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያወጡትን መጠበቅ ይችላል፤ እስከዚያው ድረስ ባያጋራው የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሰፈር ውስጥ ሆነ ለተባለ ነገር ግን መጠበቅ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ነው ጣት ቆጠራው ለማን ውለታ እንደሚውል የሚታየኝ። አጎራባች ቀበሌ ላይ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ የሚል ቪዲዮ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከወጣ ጊምቢቹ ላይ ማንን እንጠይቅ? ቢሮ ዝግ ነው። የሚያውቀው ኃላፊ ስልክ አያነሣም፤ ቢያነሣም «ከበላይ አካል ፈቃድ ያስፈልገኛል» ይላል። በማግሥቱ ሥልጠና ላይ ግን ያው ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ቪዲዮ መለየት አለመቻሉ አሳሳቢ ነው ይለናል። የመናገር ሥራው የእሱ፣ የመለየት ሸክሙ የእኛ።

ሕጉም እንዲሁ ነው የተቆረጠው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይላል። የወረዳው ኃላፊ ግን ስለተባለው ነገር ዜጋ ጠይቆት መልስ ለመስጠት ስንት ጊዜ አለው? መረጃ የማግኘት ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 እስከ 30 ቀን ፈቅዶለታል። ስለዚህ ለሥልጠናው የሚወጣው አበል ማታ ማታ ተረኛ ሆኖ ስልክ ለሚያነሣ፣ «አዎ ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ወይም «እያጣራን ነው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንነግራችኋለን» ለሚል አንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይሁን። ቁጥሩ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ከአማርኛው ጎን በሀዲይኛም።